የኋላ ፍሬን ሸራ ስትቀይሩ ሸራ ብቻ አትቀይሩ፦ በድሮ ሃይሉክስ ምሳሌ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን መንገድ የነዳው ያውቀዋል፣ ከ1500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዛ ቁልቁለት ላይ 600 ኪሎ ገደማ ሲሚንቶ ጭኜ ስወርድ የድሮዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክሴ ፍሬን መርገጫው ቀስ በቀስ እየሰመጠ መጣብኝ፣ ጣርማ በር ላይ ግማሽ ጋ ይይዝ የነበረው ደብረ ሲናን ሳልፍ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፣ ለቅቄ ቶሎ ስደግመው ግን ከፍ ብሎ ይይዛል። በሁለተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ጥግ ይዤ ቆምኩና ግማሽ ሰዓት አቀዘቀዝኳት። በጣም ያናደደኝ ነገር የኋላ ሸራው ከተቀየረ 2 ወር እንኳን አልሞላውም ነበር፣ አንድ ጋራዥ አስገብቼ ከፍዬ "አዲስ ሆናለች" ተብዬ ነው የወጣሁት።

ታች ከደረስኩ በኋላ አንድ አንጋፋ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጎማ ሳይፈታ፣ ክሪክ እንኳን ሳያወጣ "ልጄ እጅ ፍሬን ትስባለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። አይ ጋሼ፣ ማርሽ ውስጥ ከትቼ ነው የማቆማት፣ እጅ ፍሬኑ ከገዛኋት ጀምሮ አይሰራም አልኩት። "እንግዲያ ሸራህ አዲስ ሆኖ ምን ያደርግልሃል" አለኝ። ያኔ የእጅ ፍሬንና የእግር ፍሬን ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባኝም ነበር፣ እሱ ከፍቶ ካሳየኝ በኋላ ግን ይሄ ነገር ብዙ ፒካፕ የሚነዳ ሰው ማወቅ ያለበት ነገር ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ ስለዚ ከዛ ወዲህ በራሴ እጅ ደጋግሜ ስሰራው የተማርኩትን ጨምሬ ከስር ከመሰረቱ ላስረዳ።

መጀመሪያ ታምቡር ፍሬን እንዴት ነው የሚሰራው የሚለውን እንይ። ከጎማው ጀርባ ያለው ድስት የመሰለ ብረት ታምቡሩ ነው፣ ከጎማው ጋር አብሮ ይሽከረከራል። ውስጡ የማይሽከረከሩ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች አሉ፣ ውጫቸው ላይ ሸራ ተለጥፎባቸዋል ወይም በሪቬት ተመትቶባቸዋል። በሁለቱ ጫፍ መሃል ትንሽ ሲሊንደር አለች፣ ፍሬን ስትረግጡ ዘይቱ ይገፋትና በግራና በቀኝ ያሉት ፒስተኖቿ ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ ገፍተው ከታምቡሩ ጋር ያጋጥሟቸዋል። ስትለቁ ሞላዎቹ መልሰው ይሰበስቧቸዋል። በቃ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ቆንጆ ነገር አለ። መኪናዋ ወደፊት ስትሄድ ከሁለቱ ሸራዎች የፊተኛው ታምቡሩን ሲነካ ታምቡሩ ራሱ ይዞት ሊሄድ ይጎትተዋል፣ ሲጎትተው ደግሞ ይበልጥ ወደ ታምቡሩ ይጫናል፣ ማለት እግራችሁ ካሰበው በላይ እሱ በራሱ ይነክሳል። የኋለኛው ሸራ በተቃራኒው ታምቡሩ ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። ስለዚ ስትከፍቱት የፊተኛው ሸራ ከኋለኛው በልጦ አልቆ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ስራው ስለሚበዛበት ነው። ሁለቱም እኩል ጭራሽ ሳይነኩ አዲስ መስለው ካገኛችኋቸው ነው መደንገጥ ያለባችሁ፣ ያ ማለት የኋላ ፍሬናችሁ ስራ ላይ አልነበረም ማለት ነው። የኔ እንደዛ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በሸራውና በታምቡሩ መሃል ያለው ክፍተት በጣም ትንሽ መሆን አለበት፣ ከሚሊሜትር ያነሰ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ሲሊንደሯ ሸራውን ታምቡሩ ጋ ለማድረስ ብዙ ዘይት ያስፈልጋታል፣ ብዙ ዘይት ማለት መርገጫው ብዙ ይወርዳል ማለት ነው። የፊት ዲስክ ፍሬን ይሄ ችግር የለበትም፣ ፓዱ ባለቀ ቁጥር ፒስተኑ እየተከተለ ቦታውን ይይዛል። ታምቡር ግን ክፍተቱን የሚያጠብለት ሌላ ነገር ይፈልጋል፣ እሱም በሁለቱ ሸራዎች መሃል የተጋደመው በጥርስ የሚዞር ዘንግ ነው፣ ኮከብ የመሰለች ጥርስ ያላት ጎማ አለችው፣ ስትዞር ዘንጉ ይረዝማል፣ ሲረዝም ሸራዎቹን ያራርቃቸዋል። ኮከቧን ደግሞ የምታዞራት አንዲት ትንሽ ምላስ አለች፣ ክፍተቱ ሲሰፋ አንድ ጥርስ ታዞርና ታጠበዋለች።

ታዲያ ምላሷ መቼ ነው የምትሰራው? በድሮ ሃይሉክስ ላይ እጅ ፍሬን ሲሳብና ሲለቀቅ ነው። እግር ፍሬን ሲረገጥ አይደለም። ይሄን የሚያውቅ ሰው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ምክንያቱም እኛ ሀገር አብዛኛው የፒካፕ ሹፌር ማርሽ ውስጥ ከትቶ፣ ዳገት ከሆነ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጎ ነው የሚያቆመው፣ እጅ ፍሬን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ጊዜ የሚሳብ ነገር ነው የሚመስለው። እጅ ፍሬን ካልተሳበ ኮከቧ አትዞርም፣ ካልዞረች ክፍተቱ ይሰፋል፣ ክፍተቱ ሲሰፋ የኋላው እየሰነፈ የፊቱ ብቻውን ይሰራል፣ የፊት ፓድ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ሰውየው "የቻይና ፓድ ስለሆነ ነው" ብሎ ሌላ ይገዛል። አንድ ዓመት ላይ አዲስ ሸራ ያስገባል፣ ኮከቧ ግን ዝጋ ደርቃ እዛው ቦታዋ ላይ ናት።

ዝገቱ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ከታምቡሩ ጀርባ ከውጭ በኩል ያለች አንዲት ታጣፊ ክንድ ላይ ነው የሚታሰረው፣ እሷ ናት የሽቦውን መሳብ ወደ ውስጥ የምታስተላልፈው። ቦታዋ ጭቃና ውሃ የሚመታት ቦታ ነው፣ ክረምት ላይ ገጠር መንገድ የምትነዱ ከሆነ ትደርቃለች። የደረቀችው ተለቅቃ ከሆነ እጅ ፍሬኑ አይሰራም፣ በቃ። ተስባ እንዳለች ከደረቀች ግን የባሰ ነው፣ ሸራዎቹ ወደ ማረፊያቸው በደንብ አይመለሱም፣ ምላሷም ክፍተቱን መለካት ያቅታታል፣ አንዱ ጎማ እየጋለ ይሄዳል። ስለዚ ሸራ ከማሰባችሁ በፊት መኪናዋ ስር ገብታችሁ እሷን ክንድ በእጃችሁ ወይም በፒንሳ አንቀሳቅሷት፣ መመለስ አለባት በራሷ። ካልተመለሰች ፒኗ ወጥቶ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ግሪስ ተቀብቶ ነው የሚመለሰው።

(አሜሪካ ሆናችሁ የድሮ ፎርድ ሬንጀር ወይም ኤፍ 150 ያላችሁ ከሆነ የናንተ ይለያል፣ እዛ ላይ ኮከቧ የምትዞረው ወደ ኋላ እየነዳችሁ ፍሬን ስትይዙ ነው፣ ሸራዎቹም እኩል አይደሉም፣ አጭር ሸራ ያለው ወደ ፊት ረጅሙ ወደ ኋላ ነው የሚገባው፣ አዟዙሮ የገጠመ ሰው ፍሬኑ ለምን እንደሚደክም ሳይገባው ይኖራል።)

ሳትፈቱ በእግራችሁ ብዙ ነገር ማወቅ ትችላላችሁ። ሞተር አስነስታችሁ ቆማችሁ ርገጡ። መጀመሪያ ስትረግጡ ዝቅ ብሎ ቶሎ ስትደግሙት ከፍ የሚል ከሆነ ክፍተቱ ሰፍቷል፣ መጥበቅ ነው የሚፈልገው። ስፖንጅ የረገጣችሁ የሚመስል ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ረግጣችሁ ይዛችሁ ሳለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ የሆነ ቦታ ዘይት እየፈሰሰ ነው ወይም የዋናው ፖምፓ (መርገጫው የሚገፋው፣ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከው) ጎሚኒ፣ ማለት የላስቲክ ማሸጊያው፣ ደክሟል፣ ይሄን ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። መርገጫው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልቆም ሲል ደግሞ ሸራው ጋሏል ወይም ዘይት ጠጥቷል። አራቱ አራት የተለያየ በሽታ ነው፣ መድሃኒታቸውም ይለያያል፣ ለአራቱም ሸራ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

እሺ ወደ ስራው። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ እጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በደንብ ያዙ። ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለች አላሏቸው ከዛ በክሪክ አንሱ፣ ካነሳችሁ በኋላ ግን ክሪክ ላይ ትታችሁ አትስሩ፣ አክሰሉን የሚችል ማስደገፊያ ብረት አስገቡ። ብሎኬት ላይ የሚያሳርፉ ሰዎች አያለሁ፣ እባካችሁ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈረካከሰው፣ ሰው ስሩ አለ።

ታምቡሩ አልወጣም ካለ፣ እና ብዙ ጊዜ አልወጣም ይላል፣ በመዶሻ ጠርዙን አትምቱት ብረቱ ቀልጦ የተሰራ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ብዙ ሰው ለምን እንደሆኑ አያውቅም፣ 8 ሚሊሜትር ብሎን የሚገባባቸው ናቸው፣ ሁለት ብሎን አስገብታችሁ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያላችሁ ስታጠብቁ ታምቡሩን ራሱ ገፍተው ያወጡታል። ትንሽ ወጥቶ ከዛ ቢይዝ ደግሞ ታምቡሩ በመበላቱ ጠርዙ ላይ ከንፈር ሰርቷል ማለት ነው፣ ሸራው እሱ ላይ ነው የተሰቀለው፣ ከጀርባ ባለችው የጎማ ክዳን ቀዳዳ በኩል በአንድ ቀጭን ካቻቢቴ ምላሷን ገፋ አርጋችሁ በሌላ ካቻቢቴ ኮከቧን ወደ ኋላ አዙሩ፣ ሸራዎቹ ይሰበሰባሉ።

ሲከፈት ጥቁር ዱቄት ታገኛላችሁ። አትንፉት። በኮምፕሬሰርም አትንፉት፣ በአፍም አትንፉት፣ በደረቅ ብሩሽም አትጥረጉት። የድሮ ሸራና አንዳንዱ ርካሽ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው፣ የሚያመጣውም ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ ዛሬ የነፋው ልጅ ምንም ያልሆነ ይመስለዋል። ጋራዥ ውስጥ 15 እና 16 ዓመት ልጆች ኮምፕሬሰር ይዘው ታምቡር ሲነፉ ሳይ በጣም ነው የሚያመኝ። ሳሙና ያለበት ውሃ በጠርሙስ እያንጠባጠባችሁ አርጥቡት፣ ከስር ጎድጓዳ ሳህን አድርጉ፣ በጨርቅ ጠርጉና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት።

ከዛ አትቸኩሉ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩ። እርጥበት ካለ ምን እንደሆነ አሽቱት፣ ወፍራምና የሚሸት የዲፈረንሻል ዘይት ከሆነ የአክሰሉ ጎሚኒ ነው ያሳለፈው፣ ቀጭን ሆኖ ሲሊንደሯ አካባቢ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። የሲሊንደሯን የአቧራ ላስቲክ ጫፉን ገለጥ አርጋችሁ እዩ፣ ውስጡ ከራሰ ሲሊንደሯ ትቀየራለች። የአክሰሉ ጎሚኒ ሲያሳልፍ ደግሞ ጎሚኒውን ብቻ ቀይራችሁ አትሂዱ፣ አክሰሉ ላይ ከላይ በኩል ትንሽ መተንፈሻ አለች፣ በጭቃ ከተደፈነች ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ያለው አየር መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በጎሚኒው በኩል ይገፋዋል፣ አዲሱም ጎሚኒ በወሩ ያሳልፋል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን አጥባችሁ በእሳት አድርቃችሁ መልሳችሁ አትግጠሙ፣ ሸራው እንደ ስፖንጅ ነው የሚጠጣው፣ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል። ይጣል።

ሸራው ከ1 ሚሊሜትር በታች ከቀረ አልቋል፣ በሪቬት የተመታ ከሆነ ግን የሪቬቱ ራስ ሊወጣ ሲቃረብ ነው የሚቀየረው፣ አንዴ ሪቬቱ ታምቡሩን ከነካ ታምቡሩን ያርሰዋል። ታምቡሩን ደግሞ በጥፍራችሁ ውስጡን ዳሱት፣ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለው ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚፋቅበት) ይሄዳል። ግን ገደብ አለው። ብዙዎቹ የድሮ ባለ 4 ጎማ ጎታች ሃይሉክሶች የታምቡሩ የውስጥ ስፋት አዲስ ሲሆን 295 ሚሊሜትር ነው፣ እስከ 297 ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ የናንተን ገደብ ታምቡሩ ራሱ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ቶርኖ ቤት ስትሄዱ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለቶርኖው መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚፍቀው፣ ገደቡን የመጠበቅ ሃላፊነት የናንተ ነው። ከገደቡ ያለፈ ታምቡር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ አዲሱ ሸራም መሃሉ ላይ ብቻ ነው የሚነካው።

መለዋወጫ ለመግዛት አዲስ አበባ ያላችሁ ሶማሌ ተራ እንደምትሄዱ አውቃለሁ። አሮጌውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱ፣ በመኪናው ዓመት ብቻ አትግዙ፣ ሃይሉክስ በየሞዴሉ የታምቡር መጠኑ ይለያያል። አሮጌው ብረት ላይ አዲስ ሸራ ማስመታትም ይቻላል፣ ስራውን የሚያውቅ ሰው ከመታው ጥሩ ነው፣ ብረቱ ያልጎበጠ መሆኑንና ሸራው ብረቱ ላይ ያለ ክፍተት መቀመጡን በብርሃን አይታችሁ ተቀበሉ። ከሸራው ጋር ሞላዎቹን አዲስ ግዙ። ሞላ በሙቀት ይደክማል፣ የደከመ ሞላ ሸራውን በደንብ አይመልስም፣ የሚጎትት ፍሬን የሚመጣው ከዛ ነው፣ ዋጋውም ከሸራው አንጻር ትንሽ ነው። እኔ ብሆን በዚህ ላይ አልቆጥብም።

ስትፈቱ አንዱን ጎን ጨርሱና ወደ ሌላው ሂዱ። ሁለቱንም በአንዴ ፈትቶ መሬት ላይ የበተነ ሰው ሞላው ከየት ወዴት እንደነበር ማየት የሚችልበት ነገር የለውም፣ አንዱ ሳይፈታ ካለ ግን እሱን እያያችሁ ትገጥማላችሁ (ግራና ቀኝ እንደ መስታወት ግልባጭ መሆናቸውን አትርሱ)። በስልክም ፎቶ አንሱ። ኮከብ ያላቸው ዘንጎች ደግሞ የግራውና የቀኙ ጥርሳቸው በተቃራኒ ነው የተቆረጠው፣ ከተቀያየሩ ምላሷ ባዞረች ቁጥር ክፍተቱን በማጥበብ ፋንታ ታሰፋዋለች፣ ፍሬኑ በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል፣ ምክንያቱን ለማግኘት ደግሞ አይታሰብም። የግራው በግራ ካርቶን፣ የቀኙ በቀኝ ካርቶን።

ዘንጉን ፈታታችሁ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ በስሱ ቀቡና በጣታችሁ ብቻ እስኪዞር ድረስ አመላልሱት። ከኋላ ያለው ሳህን ብረት ላይ ሸራዎቹ የሚንሸራተቱባቸው ስድስት ትንንሽ ቦታዎች አሉ፣ ጎድጉደው ከሆነ ሸራው እዛ ላይ ይሰነቀራል፣ አጽድታችሁ እዛም ግሪስ ነካ አድርጉ። ሸራው ላይ ግን የግሪስ ጣት እንኳን አይነካ። ሲሊንደሯን ከፈታችሁ ደግሞ በናፍታ ወይም በቤንዚን አትጠቡ፣ ይሄ እኛ ጋ በጣም የተለመደ ነው፣ የፍሬን ጎሚኒ የነዳጅ ዘር የሆነ ነገር ሲነካው ያብጣል፣ ዛሬ ጥሩ ይመስላል ከሳምንት በኋላ ይጣበቃል። በንጹህ የፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ነው የሚታጠበው።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ታምቡሩን ከመክተታችሁ በፊት ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ እሹትና ጥረጉት። ከዛ ክተቱና ኮከቧን በቀዳዳው በኩል አዙሩ፣ ታምቡሩ በእጅ አልዞርም እስኪል አጥብቁ፣ ከዛ ምላሷን ገፋ አድርጋችሁ የተወሰነ ጥርስ መልሱ፣ በእጅ ስታዞሩት ቀለል ያለ ሽሽታ እየተሰማ በነጻ መዞር አለበት። ሁለቱም ጎን አንድ አይነት ይሁን። ከዛ እጅ ፍሬኑን ደጋግማችሁ ሳቡ ልቀቁ፣ ቀ ቀ የሚል ድምጽ ከታምቡሩ ውስጥ ከሰማችሁ ምላሷ እየሰራች ነው፣ ድምጹ እስኪያቆም ቀጥሉ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ግን መጀመሪያ ሽቦውን ነው የሚስቡት፣ እጅ ፍሬኑ ይይዛል ባለቤቱም ደስ ይለዋል፣ ግን ሽቦው ስለተወጠረ ክንዷ ሁሌም ትንሽ ተስባ ትቀራለች፣ ከላይ ያልኩት ችግር ተመልሶ ይመጣል።

አየር ማውጣት ሲሊንደር ከነካችሁ ግዴታ ነው። ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፣ መሪዋ በግራ ከሆነ የኋላው ቀኝ ማለት ነው። አንድ ሰው ይርገጥና ይያዝ፣ አንዱ ይክፈት፣ ዘይቱ ሲወጣ ይዝጋ፣ ከዛ ነው የሚለቀቀው። የሚረግጠው ሰው እስከ ወለሉ በሃይል እንዳይረግጥ ንገሩት፣ በድሮ ፖምፓ ውስጥ ጎሚኒው ሁልጊዜ የማይደርስበት ቦታ ዝገት አለ፣ እዛ ድረስ ሲገፋ ይቀደዳል፣ ከኋላ ፍሬን ስራ በኋላ ፖምፓ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ዘይቱን ደግሞ ከታሸገ እቃ ብቻ ተጠቀሙ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ያ ልዩነት ህይወት ነው፣ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ መርገጫው ባዶ ይሆናል። "ፍሬን በጠሰ" ከሚባለው አንዳንዱ ምንም የተበጠሰ ነገር የለውም፣ ዘይቱ ፈልቶ ነው፣ መኪናው ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ ተመልሶ ይይዛል፣ መርማሪውም ምንም አላገኘሁም ይላል።

አሁን ስለ ባሌስትራ (አክሰሉ ላይ ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ ቅጠል ብረቶች) ልናገር፣ ምክንያቱም ይሄን ሳይነግሩኝ ነው ብዙ ዓመት የነዳሁት። የድሮ ሃይሉክስ ከኋላ አክሰሉ በላይ አንድ ቫልቭ አላት፣ ረጅም ዘንግ ከአክሰሉ ጋር ያገናኛታል። ስራዋ ጭነት መለካት ነው። ፒካፕ ባዶ ስትሆን ከኋላ ቀላል ናት፣ ሙሉ የፍሬን ሃይል ለኋላ ብትሰጡት ጎማው ይቆልፍና ጅራቷ ይዞራል፣ ስለዚ ቫልቯ ለኋላ የሚሄደውን ግፊት ትቀንሳለች። ጭነት ሲገባ ባሌስትራው ይጎብጣል፣ አካሉ ወደ አክሰሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቯን ይገፋል፣ ለኋላ የሚሄደው ግፊት ይጨምራል። እኛ ምን እናደርጋለን፣ ብዙ እንድትጭን ብለን ተጨማሪ ቅጠል ባሌስትራ እናስገባለን። ከዛ በኋላ 800 ኪሎ ጭናችሁ እንኳን አካሉ አይወርድም፣ ቫልቯ መኪናው ባዶ ነው ብላ ታስባለች፣ ጭነት በሚበዛበት ሰዓት የኋላ ፍሬኑን ትቀንስባችኋለች። የኔም ላይ ሁለት ቅጠል ተጨምሮ ነበር። አዲስ ሸራ፣ የደረቀ ኮከብ፣ የተታለለ ቫልቭ፣ 600 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ጣርማ በር። ባሌስትራ ያስጨመራችሁ ሰዎች የቫልቯ ዘንግ ርዝመት እንደገና መስተካከል አለበት፣ የሚስተካከልበት ቦታም አለው፣ ግን በግምት አይደለም፣ ግፊት መለኪያ ያለው ሰው ጋ ነው የሚሰራው። አየር ስታወጡም ቫልቯ የራሷ መተንፈሻ ካላት እሷንም አትርሷት።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሸራው ገና ከታምቡሩ ጋር አልተዋወቀም፣ ሙሉ በሙሉ አይነካም። ባዶ መንገድ ላይ በ50 አካባቢ እየነዳችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ 15 እያወረዳችሁ፣ መሃል መሃል እያቀዘቀዛችሁ 20 እና 30 ጊዜ ያዙ። በዛው ሳምንት ጭናችሁ አባይ በረሃ አትውረዱ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፣ እዛ ላይ ያልተሟሸ ሸራ ቶሎ ይግላል፣ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ከዛ በኋላ መያዙ ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ መርገጫው ቁልቁለት ላይ የሚወርደው አንዱ ምክንያት እሱ ነው፣ ክፍተቱ ቀድሞ ጠባብ ከነበረ ግን የሚወርደው ትንሽ ነው። ማርሹን ከላይ ጀምራችሁ አውርዱ፣ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ልክ ነው። እግር ፍሬኑ ላይ ለረጅም ጊዜ ቀለል አድርጎ ከመያዝ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ ይሻላል፣ በሚለቀቅበት ሰዓት ነው የሚቀዘቅዘው።

ከ20 ኪሎሜትር በኋላ ቆማችሁ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጉ፣ አትንኩ። ሁለቱ እኩል ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ የሚያቃጥል ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ የሚጎትተውን ወይም የማይሰራውን አገኛችሁት፣ ተመልሳችሁ የኮከቧን ጥብቀት አስተያዩ። ዳዶዎቹንም በዛው በተቃራኒ እያደረጋችሁ ደግማችሁ አጥብቁ። እኔ አሁን በየማታው ሳቆማት እጅ ፍሬን እስባለሁ፣ ከዛ ማርሽ ውስጥ አስገባለሁ፣ ሸራው ከገባ ሁለት ክረምት አልፎታል፣ መርገጫው አሁንም ላይ ነው የሚይዘው።